ወደ ሚስቴ አለቃ የላክኋቸው ሽማግሌዎች

ሰኞ፣ ግንቦት 4

ምስማር አይደለም። ሃያ ሁለት ዓመት ጨርቅ ስቆርጥና ስሰፋ ኖሬ ምስማር የቀደደውን ሱሪ ካላወቅሁ መቀሴን ልጣለው። ምስማር ሲይዝ ጨርቁን ወደ ጎን ጎትቶ ነው የሚቀደው። ይሄኛው ከታች ከእግር ጫፉ ተነስቶ ጉልበት ድረስ ወጥቷል። ዳር ዳሩ ላይ ጥቁር የጎማ እድፍ አለ። በሳሙና ሞከርኩት፤ አልለቅም አለ።

መሠረት ግን «ጣቢያው በር ላይ ምስማር ያዘኝ» ብላ ሱሪውን ቤት ባለው ስፌት መኪናዬ ላይ ጣል አድርጋ ወደ ጓዳ ገባች። ሳጅን መሠረት፣ ሚስቴ፣ ትራፊክ ፖሊስ። የሹፌር ውሸት ከሩቅ የምትለይ ሴት ራሷ መዋሸት አትችልበትም።

አልጠየቅኋትም። መልሷን አውቀዋለሁ። «ደህና ነኝ ጌቾ፣ አንተ ደግሞ።» አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ደህና ናት። ፀሐይ ፊቷን ሲያሳርራት ደህና ናት። የአዳማ ነፋስ አሸዋውን ዓይኗ ውስጥ ሲሞጅርባት ደህና ናት። አንድ ባለ መኪና እናቷን አንስቶ የሰደባት ቀንም ደህና ነበረች፤ እናቷ ከሞቱ ገና ወራቸው ነበር።

እግሯን ስትታጠብ ግን አየሁት። ቅልጥሟ አብጦ ጠቁሯል። ልጃችን ሐናም አየች። አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው፣ የሚያመልጣት ነገር የለም። እሷና እኔ ተያየን።

ቅዳጁን ከውስጥ ደግፌ ሰፋሁት። ነገ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ አስፋልት መሐል መቆም አለባት። የደንበኛ ልክ የምመዘግብበት ደብተር ላይ ነው ይህን የምጽፈው። ሌላ መጻፊያ የለኝም፤ ለማንም የምነግረው ነገርም አይደለም።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 5

የመቀመጫ ልብስ። ርዝመት 110፣ ወርድ 55። ተበላሸ።

የተበላሸው በእኔ ነው። አንድ ባጃጅ ነጂ የመቀመጫ ልብስ ሊያሰፋ መጣ። ወሬ ይወዳል፤ ወሬ የማይወድ ባጃጅ ነጂ ያየ ካለ ይንገረኝ። እየለካሁለት ሳለ የትናንቱን ያወራልኝ ጀመር። የመሠረት ባል መሆኔን አያውቅም።

ወደ ወለንጪቲ መውጫ ያለው አራት መንገድ ላይ ነው አለኝ። አንድ ባጃጅ በተቃራኒ መስመር እየከነፈ መጣ። አስፋልቱ መሐል የቆሎ ቅርጫት የያዙ እናት እየተሻገሩ ነበር። ትራፊኳ ሮጣ ክንዳቸውን ይዛ ወደ ጠርዝ ሳበቻቸው። ባጃጁ የእሷን እግር ገጭቶ አመለጠ። ወደቀች። ተነሳች። ኮፍያዋን ከመሬት አንስታ አራገፈችውና አጠለቀችው። ከዚያ ከመቂ ሽንኩርት ጭነው ወደ ድሬዳዋ የሚሄዱትን መኪኖች አንድ በአንድ አሳለፈች።

«ጋሼ፣ አንዴ እንኳ እግሯን አላየችም እኮ» አለኝ። «እኛ እንጠላታለን፤ ምሕረት የላትም፣ ትቀጣናለች። ትናንት ግን አንድም ሰው ክላክስ አልነፋም።»

ሃምሳ አምስት የነበረውን አርባ አምስት ብዬ የቆረጥኩት ያን ጊዜ ነው። ይቅርታ ጠይቄ በሌላ ጨርቅ እሠራልሃለሁ አልኩት።

ኮራሁ? አዎ፣ ደረቴ ሞላ። ቀድሞ የመጣው ግን ፍርሃት ነው። የጎማው እድፍ ጉልበቷ ጋ ደርሷል። የመሠረት ሱሪ ከወገብ እስከ ጉልበት ሃምሳ ስምንት ሴንቲ ሜትር ነው፤ እኔ ነኝ የምሰፋው፣ እኔ ነኝ የማውቀው። በእሷና በክፉው ነገር መካከል የነበረው ሃምሳ ስምንት ሴንቲ ሜትር ነው ማለት ነው።

ከመንገድ ወርዳ ቢሮ መግባት አለባት። እሷ አትጠይቅም። ባል ሄዶ ስለ ሚስቱ ቢለምን ደግሞ ያስቅበታል። ታዲያ እኛ አገር እንዲህ ያለ ጊዜ ምን ይደረጋል? መሠረትን ያገኘሁት ሽማግሌ ልኬ ነው። በተጣላን ጊዜ ያስታረቁን ሽማግሌ ናቸው። ከጎረቤት ጋር የአጥር ነገር ሲነሳ የጨረሱልኝ እነሱ ናቸው። ይሄን የማይጨርሱበት ምክንያት የለም።

ረቡዕ፣ ግንቦት 6

የእድራችን ሊቀ መንበር ኦቦ ገመቹ ቤት ሄድኩ። ባቡር ጣቢያ ሠርተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። «ፈያ ዳ?» ብለው በኦሮምኛ ደህንነቴን ጠየቁ፤ ገና ሳልቀመጥ ፊቴን አይተው «ማን ሞተ?» አሉኝ።

ማንም አልሞተም፤ እንዳይሞት ነው የመጣሁት ብዬ ሁሉንም ነገርኳቸው። ለመንግሥት መሥሪያ ቤት ሽማግሌ ሲላክ በሰባ ዓመታቸው አላዩም። ትንሽ አሰብ አደረጉ። ከዚያ ዓይናቸው በራ። ሽማግሌ ሲላክ የማይወድ ሽማግሌ የለም። «የእድራችንን ጋሽ ተሾመንና ጎረቤታችንን ፓስተሩን ይዤ ነገ ጠዋት እሄዳለሁ» አሉ። ኮታቸውን ተቀብዬ ተኩሼ መለስኩላቸው።

መሠረት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ገባች። እግሯን ለብ ባለ የጨው ውሃ ውስጥ አድርጋ የዋለችበትን ታወራልን ጀመር። ሐና እንደ ተረት ነው የምታዳምጣት።

የዛሬው ይህን ይመስል ነበር፦

የጋሪ ፈረስ መንገድ ላይ ተኛ። ባለቤቱ ይጮኻል፣ ከኋላው አርባ መኪና ይጮኻል። ፈረሱን ውሃ አጠጥታ አስነሳችው።

አንድ ሹፌር መንጃ ፈቃድ ስትጠይቀው አለቀሰ። አባቱ ሞተው ወደ ቀብር እየከነፈ ነው። ቁልፉን ተቀብላ ረዳቱን አስነዳችው። ረዳቱ መንጃ ፈቃድ እንዳለው አስቀድማ አረጋግጣ ነው፤ ያለዚያማ አታደርገውም።

ሁለት ሰው በመስታወት ሰደባት። አንድ ሰው በመስታወት መረቃት። «ሁለት ለአንድ ነው፤ ጥሩ ቀን ነበር» አለች።

እኔ ስለ ሽማግሌዎቹ ምንም አልተነፈስኩም። ስትስቅ እያየሁ ልነግራት አፌ ድረስ መጥቶ ተመለሰ።

ሐሙስ፣ ግንቦት 7

ወይኔ ጌታቸው።

መጀመሪያ የሰማሁት ከኦቦ ገመቹ ነው። አምስት ሰዓት ላይ ከዘራቸውን እያወዛወዙ ሱቄ ገቡ። ሦስቱም የወግ ልብሳቸውን ለብሰው የትራፊክ ጽሕፈት ቤት ሲሄዱ የመሠረት አለቃ ኢንስፔክተሩ ወንበር አቀረበላቸው። አልተቀመጡም። ጉዳያችን እሺ ሳይባል አንቀመጥም አሉ። ኢንስፔክተሩ የሰው ሕይወት ያጠፋ ሹፌር ሊያስለቅቁ የመጡ መስሎት፣ አባቶቼ ሕግ ሕግ ነው ብሎ ሊሸኛቸው ነበር። ኦቦ ገመቹ ግን ልጃችንን ከፀሐይና ከጎማ አውጡልን፣ የልጅ እናት ናት፣ ባሏም ከሐሳብ የተነሳ ስፌት እየሳተ ነው ብለው ለመኑ። የአባቱ እኩዮች ቆመውበት ምን ያድርግ? ከሰኞ ጀምሮ መዝገብ ክፍል ትገባለች አለ። ተቀመጡ፣ መረቁት፣ ወጡ።

ጉልበታቸውን ስሜ አመሰገንኳቸው። ለስድስት ሰዓት ያህል በአዳማ ከእኔ የበለጠ ደስተኛ ሰው አልነበረም።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መሠረት ገባች። ጫማዋን አላወለቀችም። ግቢው ውስጥ ቧንቧው አጠገብ ቆማ ጠራችኝ።

ኢንስፔክተሩ ባልደረቦቿ ባሉበት ነው የነገራት። አንዱ ለጋ ኮንስታብል «ሳጅን፣ ሽማግሌ ተላከብሽ አሉ፤ ሠርጉ መቼ ነው?» ብሎ ጠየቀ፣ ቤቱ በሳቅ አለቀ። መሠረት እዚያ መሥሪያ ቤት ስትገባ ሴት ትራፊክ ሁለት ብቻ ነበሩ። አንዷ በዓመቷ ለቀቀች። መሠረት ቆመች፤ ማንም እንዳይስቅባት ከሁሉም ቀድማ እየገባች፣ ከሁሉም ኋላ እየወጣች አሥራ አራት ዓመት ቆመች። ዛሬ በእኔ ምክንያት ተሳቀባት።

ድምፅዋን አላነሳችም። ብታነሳው ይሻለኝ ነበር።

«ባጃጁ የመታው እግሬን ነው» አለችኝ። «አንተ ግን ኮፍያዬን ነው ያወረድክብኝ።»

ሐና በሩ ላይ ቆማ ሰማች። እራት ለየብቻችን በላን።

ዓርብ፣ ግንቦት 8

ሱቅ አልከፈትኩም። አራት መንገዱ ጋ ሄድኩ።

በተጋባን ሰሞን «ሥራ ላይ ሆኜ አትየኝ፣ ካየሁህ ሐሳቤ ይከፈላል» ብላኝ ስለነበር አንድም ቀን ቆሜ አይቻት አላውቅም። በባጃጅ ሳልፍ እንኳ አንገቴን ደፍቼ ነው። ዛሬ ግን ከመንገዱ ማዶ፣ ከኒም ዛፍ ሥር፣ ከቆመ የጭነት መኪና ኋላ ተሸሽጌ ተቀመጥኩ። በእጅ የሚጠቀለል የሱሪ ጫፍ ይዤ ነበር። አንድ ስፌት እንኳ አልሰፋሁም።

ከአንድ ሰዓት እስከ ስድስት ያየሁት፦

መጀመሪያ የኢንዱስትሪ ፓርኩን ሠራተኞች የጫኑ አውቶቡሶች። እነዚያ ልጆች አምስት ደቂቃ ቢዘገዩ ይቀጣሉ፤ ታውቃለች፣ ቀድማ ታሳልፋቸዋለች። ከዚያ የተማሪው ጊዜ። ትንንሾቹን ሰብስባ፣ ሁለት እጇን ዘርግታ፣ ጀርባዋን ለመኪና ሰጥታ ታሻግራለች። ጀርባዋን! ከዚያ ጋሪው፣ ባጃጁ፣ ሽንኩርቱ፣ ነዳጁ፣ ፍየሉ። አንድ ሰው መስታወቱን ዝቅ አድርጎ ጣቱን እየቀሰረ ሰደባት። ሰላምታ ሰጥታ አሳለፈችው። እኔ ዛፉን ይዤ ነው የቀረሁት፤ ባልይዘው ኖሮ ሮጬ ሄጄ ሌላ ነውር እጨምርባት ነበር።

አራት ሰዓት ላይ ነፋሱ ተነሳ። ሁሉም ሰው ወደ ጥግ ሸሸ፣ እሷ ዓይኗን ጨፍና እጇን አላወረደችም። ውሃ አልጠጣችም። አምስት ሰዓት ሙሉ አንድ ጉንጭ እንኳ። አጠገቧ መጸዳጃ ቤት የለማ። በየጊዜው የሚያማት የኩላሊቷ ሕመም ከየት እንደመጣ አሁን ገባኝ፤ እኔ ሞኙ ሻይ ስለምታበዛ ነው እላት ነበር።

እግሯን የምታነክሰው ሁሉንም አቅጣጫ አቁማ እግረኛ ስታሳልፍ ብቻ ነው። ሦስት እርምጃ ታነክሳለች፤ ከዚያ ቀጥ።

አንዲት ቆሎ የሚሸጡ እናት ዛፌ ሥር መጥተው ተቀመጡ። ሰኞ የተሳቡት እሳቸው ናቸው። ክንዳቸው ላይ የጣቷ ምልክት አለ፤ አሳዩኝ። ትናንት አንድ ስኒ ቆሎ ሊሰጧት ቢሄዱ ሥራ ላይ አልቀበልም ብላ ጉንጫቸውን ስማ መለሰቻቸው። «እናት አላት ይሆን?» አሉኝ።

«የለቻትም። ባለቤቴ ናት» አልኳቸው።

ዞር ብለው ከላይ እስከ ታች አዩኝ። «ታዲያ ምን ትደበቃለህ?» አሉኝ።

በአንድ ጠዋት ስንት ሺሕ ሰው በእነዚያ ሁለት እጆች ሥር አልፎ ሥራው ገባ፣ ትምህርት ቤቱ ገባ፣ ቤቱ ገባ። ከመካከላቸው ስሟን የሚያውቅ የለም። እኔ ስሟን የማውቀው ደግሞ ይህን ሁሉ ሳላውቅ አሥራ አራት ዓመት ሱሪዋን ሰፋሁ። አፈርኩ። እንባዬም መጣ፤ በነፋሱ አሳበብኩ።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 9

ኦቦ ገመቹ ዘንድ ተመለስኩ። የለመናችሁትን መልሱልኝ አልኳቸው።

ሳቁብኝ፣ ከዚያ ተቆጡ። ሽማግሌ የለመነውን አትስጡን ብሎ ሲለምን ታይቶ አይታወቅም አሉ። በመጨረሻ ግን ከዘራቸውን አነሱ። «መጀመሪያ የበደልካትን እንካሳት። መሄድ የነበረብን ወደ አለቃዋ አልነበረም፣ ወደ እሷ ነበር» አሉኝ።

አሥር ሰዓት ላይ እነዚያው ሦስት ሽማግሌዎች የገዛ ቤቴ በር ላይ ቆሙ። መሠረት በቤት ቀሚስ፣ ፀጉሯን አስራ፣ ልብስ ስታሰጣ አገኟት። ግቡ አለች፣ ገቡ። ተቀመጡ አለች፣ አልተቀመጡም። እኔ ግድግዳ ተደግፌ ጫማዬን አያለሁ።

ኦቦ ገመቹ ልጃችን አጥፍቷል፣ እኛም አብረን አጥፍተናል፣ ማሪን አሏት። ሦስቱም ራሳቸውን ዝቅ አደረጉ። መሠረት ደነገጠች። ሲያናግሯት ቀጥ ብላ ቆማ ነበር፤ ልክ እንደ መንገዱ።

«አባቶቼ፣ ለእኔ ማሰቡን አልጠላሁበትም» አለች። «ግን አልጠየቀኝም። እኔም እፈራለሁ እኮ። ሁልጊዜ ጠዋት ጫማዬን ሳስር እፈራለሁ። ቢጠይቀኝ እነግረው ነበር።»

ይህን ስሰማ አላስቻለኝም። «ብጠይቅሽ ምስማር ነው ትይኝ ነበር» አልኩ።

ፓስተሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። መሠረት ልትቆጣ አፏን ከፈተችና፣ ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ። መጀመሪያ የምታለቅስ መስሎኝ ነበር። እየሳቀች ነው። ሐናም ከመጋረጃው ኋላ ሳቀች። ከዚያ መሠረት እውነትም ትንሽ አለቀሰች።

ኦቦ ገመቹ ፈረዱ። እኔ እሷን ሳልጠይቅ ሰው አልልክም። እሷ ደግሞ የዋለችበትን እንዳለ ትነግረኛለች፤ ምስማር የለም። ነገ እግሯን ሐኪም ቤት ትታያለች። ሰኞ ሽማግሌዎቹ አብረዋት ሄደው የለመኑትን ይመልሳሉ።

መሠረት አንድ ጨመረች። «መዝገብ ክፍሉን አንድ ቀን ልፈልገው እችላለሁ። ያን ቀን ራሴ በእግሬ ሄጄ እጠይቃለሁ» አለች።

ያን ጊዜ ተቀመጡ። ሐና ለስላሳ አቀረበች፤ ጋሽ ተሾመ ሁለት ጠጡ።

እሑድ፣ ግንቦት 10

ራጅ ተነሳች። አጥንቷ አልተሰበረም። ተመስገን። ሐኪሙ ሦስት ቀን ዕረፍት ጻፈላት። ከሐኪሙ ጋር ተከራክራ ወደ አንድ ቀን አወረደችው፤ እሱም የዛሬው እሑድ ነው ብላ ድርቅ አለች። ምንም አላልኩም። ማለት፣ ጠየቅኋት። «ያምሻል?» አልኳት። «ደረጃ ስወጣ» አለች። እውነተኛ መልስ ነው፤ ጻፍኩት።

ከሰዓት በኋላ ሱሪዋን አውጥቼ ቅልጥሙ ላይ ከውስጥ ሁለት ድርብ ሸራ ሰፋሁበት። ከውጭ አይታይም፣ ደንብ አይጥስም። ባጃጅ አይመልስም፣ አውቃለሁ። እጄ ሥራ ፈትቶ መቀመጥ ስላልቻለ ነው።

ሰኞ፣ ግንቦት 11

ጠዋት ሽማግሌዎቹ ወሰዷት። ወይም እሷ ወሰደቻቸው፤ ጋሽ ተሾመ ከኋላ ቀርተው ነበር።

ከዚያ ጥበቃ። ሦስት ሰዓት፣ አራት ሰዓት፣ አምስት ሰዓት። ኢንስፔክተሩ ምን ይል ይሆን? እዚህ ቤት ቀልድ የለም፣ አንዴ ተወስኗል ሊል ይችላል፤ ቢልም ጥፋቱ የእኔ ነው። የባጃጁን መቀመጫ ልብስ አስተካክዬ ጨረስኩ። 55። ሦስት ጊዜ ለካሁት።

ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ሱቄ በር ላይ ጥላ ወደቀ። መሠረት ናት፣ ከነደንብ ልብሷ። በደንብ ልብስ ሱቄ መጥታ አታውቅም፤ ለሁለታችንም ሥራ አይበጅም ትላለች። የደንበኛ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ውሃ ስጠኝ አለች። ሰጠኋት፣ ግጥም አድርጋ ጠጣች።

«ምን አሉሽ?» አልኳት።

ኮፍያዋን አውልቃ ስፌት መኪናዬ ላይ አስቀመጠችው። ውስጡ ያለው የላብ ማሰሪያ ጨርቅ ለቅቋል።

«እስከ ስምንት ሰዓት አድርስልኝ» አለች። «ባዶ ራሴን መንገድ ላይ አልቆምም።»

ገባኝ። መንገዱ ላይ ቀርታለች። መርፌዬን አነሳሁ፤ ክሩ አልገባ አለኝ። ተቀብላኝ ራሷ አስገባችው። ከዚያ ሳልጠይቃት፣ ወደ በሩ እያየች ነገረችኝ። ዛሬ አራት ሰዓት ተኩል ላይ አንድ ገልባጭ መኪና ፍሬን እምቢ ብሎት መጥቷል። ዘላ ነው የተረፈችው። ስንት ርቀት ነበር አልኳት። እጆቿን ዘርግታ አሳየችኝ፤ ሜትር አላስፈለገኝም፣ አንድ ክንድ አይሞላም።

ኦቦ ገመቹ ከሱቄ ሦስት ቤት አልፈው ነው የሚኖሩት። ተነስቼ ወደ እሳቸው አልሄድኩም። ኮፍያውን በድርብ ክር ሰፋሁና ሰጠኋት፤ አጠለቀችው፣ መስታወቴ ፊት አስተካከለችው፣ ወጣች።

አሁን ስምንት ሰዓት ከሩብ ነው። ነፋሱ እየተነሳ ነው።